የቀረው ባቡር

ፖርቱጋል፣ ከወንዙ ዳር፣ ከወይኑ እርከን በታች፣
ቫል ዴ ፍሬይሾ የምትባል አንዲት ጣቢያ አለች።
ስሟ የተጻፈው በሰማያዊ ሸክላ፣
ሁለት ፊደል ወድቆ፣ ሌላው በሐረግ ተበላ።
ሰዓቷን ሰርቀዋል፤ በነበረበት ላይ
ነጭ ክብ ቀርቷል፣ ያልነካው ፀሐይ፤
የማይቸኩል ሰዓት፣ የማይዘገይ።

እኔን የወሰደኝ ጉብኝት አይደለም፣
የባቡር ታሪክም አጥንቼ አላውቅም።
የብስክሌት መንገድ ሊሠራ ነው ብለው፣
ሐዲድ ልንነቅል፣ ብሎን ልንለቅም ነው።
ምሳ ሰዓት ላይ ግን፣ ዝናብ ሲያባርረን፣
መጋዘኑን ከፍተን ገባን ተጠልለን።
ከአሮጌው ሚዛን ሥር፣ ከአይጥ የተረፈ፣
አገኘሁ መዝገብ በእጅ የተጻፈ።

ጸሐፊው ቤልሚሮ፣ የጣቢያው ሹም ነበር፤
ቀለም አያባክን፣ ሐተታ አይጨምር።
«ቼሪ፣ ዐሥር ቅርጫት። አንዲት ፍየል፣ በቁም፤
ተቀባይ አልመጣም፤ ሌሊት አልተኛችም፤
በላች ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ፣
ከግንቦት ጀምራ እስከ ነሐሴ መግቢያ።»
በአርባ ዓመት መዝገብ ይሄው ነው ጨዋታው፤
ሌላው ቁጥር ብቻ፣ ለሚያነብ ለገባው።

«ዐሥራ አራት ትኬት፣ ወታደር፣ መሄጃ፤
ለአንጎላ ዘመቻ።» መመለሻው እንጃ።

ሁለት ዓመት አልፎ፣ ቁጥሩን አስተካክሎ፦
«የታሸገ ሣጥን፤ ክብደት፣ መቶ ኪሎ፤
ላኪ፣ ጦር ሚኒስቴር፤ ተቀባይ፣ ቤልሚሮ።»
ሌላ ቃል የለውም፤ አልጻፈም ጨምሮ።
ከፊርማው ጫፍ ብቻ ቀለሙ ወፍሯል፣
ብዕሩን ሳያነሣ ጥቂት ዘግይቷል።

ቀጥሎ ገጹ ሁሉ ፈረንሳይ፣ ፈረንሳይ፤
የካርቶን ሻንጣ ነው፣ ገመድ በገመድ ላይ።
ባቡሩ በሞላ ቁጥር መንደሩ ጎደለ፤
መንደሩ ሲጎድል ባቡሩ ቀለለ፤
የሚኖርበትን ራሱ ጭኖ ሄደ።

የመጨረሻዋ ሹም ኡምቤሊና ናት።
ታኅሣሥ ነው፤ ከሊዝበን ደብዳቤ ደረሳት፦
«ከነገ ጀምሮ ባቡር አይመጣም፤
ጣቢያው ግን ይጠረግ፤ ደመወዝ አይቆምም።»
ሰባት ወር ጠረገች ያልተረገጠውን፣
ሰባት ወር ቀባች ዘይት የማይከፈተውን።
የቀሩት ልጆችም፣ አምስት ነበሩ መሰል፤
በአንድ ፍሬ ባቄላ ትኬት ይሸመታል።
«ወዴት ነህ?» ስትለው ትንሹ ዛካሪያስ፣
«እናቴ ዘንድ» አላት፣ «ሐዲዱ እስኪጨርስ።»
እሷም አልሳቀችም፤ ማኅተሟን መትታ
የእውነቱን ሰጠችው፣ ቀኑን አስገብታ።

ይህን የነገረኝ ዛካሪያስ ራሱ ነው፣
ዛሬ የኛን ክሬን እሱ ነው የሚነዳው።
ትኬቷ አለችው፣ ከመንጃ ፈቃዱ ሥር፣
ተቆጣጣሪ ያልበሳት፣ የተላገ ዳር።

እሱን እያየሁት፣ በዝናቡ መሃል፣
ለዚህ ሁሉ ነገር ቋንቋዬ አንድ ቃል ይበቃል፦
ያልመጣውም «ቀረ»፤ ያልሄደውም «ቀረ»፤
ባቡሩ ቀረና፣ ሴትዮዋ ቀረች፣ ልጁም እዚህ ቀረ።
ልተረጉምለት ስል ምላሴ ታሰረ።

ዝናቡ ሲያባራ ሚዛኑን ጠረግኩት፤
ባዶ ነው፤ መርፌውን ሦስት ኪሎ ላይ አየሁት።
«ዝገት ነው» አለና ክሬኑን አስነሣ።
እኔ እርሳስ አወጣሁ፣ ቁጥሩን እንዳልረሳ፤
ከባዶው ገጽ ራስ ላይ፣ ሐተታ ሳልጨምር፣
«ሦስት ኪሎ» አልኩኝ እንደዚያ እንደ ጣቢያው ሹም።
የላኪውን ስም ግን ባዶ ተውኩት ቦታ፤
ተቀባይ ከሚለው ፈረምኩና፣ ላፍታ
እርሳሱን ሳላነሣ ቆየሁ።

ውጭ ክሬኑ ጡሩምባ ነፋ።